ታጣፊ ምላጭ በውሃ ድንጋይ ስለ መሳል፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከሥራዬ ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ታጣፊ ምላጭ መሳል ነው። የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ የአያቴን ምላጭ አግኝቼ ባለ 1000፣ 4000 እና 8000 ቁጥር ድንጋይ ገዛሁ። 8000ው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስዬው አሁንም ጢሜን ይነጨኛል።

ወንድሜ፣ ችግሩ 1000ው ላይ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል እንጂ የበለጠ አይበላም። የዶለዶመውን ፍቆ ሁለቱን ጎኖች ጫፍ ላይ የሚያገናኛቸው 1000ው ነው። እነሱ ሳይገናኙ ወደ 8000 መሄድ ዱልዱሙን ማለስለስ ብቻ ነው።

ጠርዙን በጥቁር ማርከር ቀባው። ጥቂት ስበህ እይ። ቀለሙ ጫፉ ላይ ከቀረ ድንጋዩ ገና አልደረሰም። ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ መብራት ሥር ያዘው። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካየህ እዚያ ጋ አልተሳለም፤ ስል ጫፍ ብርሃን አይመልስም። ሁሉም የስለቱ ክፍል የክንድህን ፀጉር እኩል እስኪላጭ ድረስ ከ1000ው አትነሳ። ሰዓት ይፍጅ፣ ግድ የለም። ከዚያ በኋላ 4000ውና 8000ው ጭረቱን ያጠፉልሃል።

ከቡሬ፦ ቢላ ስስል እንኳ እጄ አይረጋም። ማዕዘኑን እንዴት ልጠብቅ?

እዚህ ላይ ምላጭ ከቢላ ይቀላል። ጀርባውና ስለቱ አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። ማዕዘኑን ሠሪው ጨርሶታል፣ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርባውን አታንሳ። ስለቱን አስቀድመህ ግፋ፣ ስትመልስ በጀርባው በኩል ገልብጠው። ደግሞ አትጫን! እኔ ስጀምር ቶሎ ይሳል ብዬ ተጭኜ አንድ ጥሩ ምላጭ አበላሽቻለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከደጀን፦ ከዓባይ በረሃ የምናመጣው ድንጋይ ማጭዱን በደንብ ይስላል። ለምላጭስ?

ለማጭድ እኔም እመሰክራለሁ። የወንዝ ድንጋይ ቅንጣቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። አንዲት ሻካራ ቅንጣት ስለቱን ትሸርፋለች። ማጭድ ይችለዋል፣ የሰው ፊት አይችለውም።

ከዳንግላ፦ ድንጋዩን ምን ያህል ልንከረው?

መነከር የሚፈልገውን 1000 አረፋ ማውጣቱን እስኪተው፣ 10 ደቂቃ ገደማ። 8000ው ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ አንዳንዱ ቢነከር ይሰነጠቃል። ድንጋዩ መሃሉ እየጎደጎደ ስለሚሄድ በእርሳስ አስምርበት። ወፍራም መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ በውሃ እሸው። ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ የተሳለ ምላጭ እኩል አይላጭም።

ከሞጣ፦ ከድንጋዩ በኋላ ምላጩን የቆዳ ጠፍር ላይ ማሸቱ የግድ ነው?

አዎ። እዚህ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ከተገላበጠብህ ቆዳውን ትቆርጣለህ። 50 ጊዜ ያህል ምልስ፣ ቆዳው ተወጥሮ።

ከቢቸና፦ ለደንበኞቼስ ልጠቀምበት?

እባክህ፣ አይሆንም። ምላጭ ደም ይነካል። ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በደም ይተላለፋሉ። ለደንበኛ ምላጩ የሚቀየር መያዣ ያዝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ክፈት። የተሳለው የአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ደግሞ ከፍኖተ ሰላም፦ ክረምት ላይ ዝገት እንዳያገኘው ምን ላድርግ?

ተላጭተህ እንደጨረስክ አድርቀው፣ እጀታው ውስጥ ያለውንም ውሃ ጭምር። ስስ ዘይት ቀብተህ ደረቅ ቦታ አኑረው። መታጠቢያ ቤት አትተወው፤ የአያትህ ነው።