ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኮሮና ወቅት፦ ጥያቄና መልስ

ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ በአንድ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ሥራ እከታተል ነበር። ስለዚያ ጊዜ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ባየሁትና በማውቀው መጠን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሴቶች ሐኪም በሌለበት ገጠር ወረርሽኝን እንዴት ሊከላከሉ ይችላሉ?

መልስ፦ መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያዎች ተመድበው 5,000 ያህል ነዋሪ እንዲያገለግሉ ነበር። ስለዚህ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፣ እነዚህ ሴቶች የትኛው ቤት አቅመ ደካማ አዛውንት እንዳሉበት፣ ማን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የማን ልጅ ከከተማ እንደተመለሰ ለይተው ያውቁ ነበር። ከሩቅ የሚላክ ሐኪም ይህን ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል። የኮሮና ታማሚን ማከም የእነርሱ ድርሻ አልነበረም፤ የተጠረጠረን ሰው ለይተው ማሳወቅ፣ ንክኪ ያላቸውን መከታተልና ወሬ ሲዛባ እውነቱን ማስረዳት ግን ከማንም በተሻለ ይችሉ ነበር።

ጥያቄ፦ ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ «እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። የተበሳ ጀሪካን በገመድ ሰቅሎ ውኃው በጥቂቱ እንዲወርድ ማድረግ፣ ሳሙና ከጠፋም በንጹሕ አመድ መታጠብ ሲመከር ቆይቷል። ሆኖም ምክር ውኃን ስለማይተካ፣ የውኃ ችግር ያለበትን ጎጥ ለወረዳው ማሳወቅ እንደ ትምህርቱ ሁሉ የባለሙያዋ ሥራ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ በዚያ ጊዜ ከዓረብ አገር ተመልሳ ለይቶ ማቆያ ቆይታ ብትወጣም ጎረቤት አገለላት። ባለሙያዋ ምን ማድረግ ትችል ነበር?

መልስ፦ በእህትዎ ላይ የደረሰው እጅግ ያሳዝናል። ከሳዑዲና ከጂቡቲ የተመለሱ ብዙ ወገኖች እንዲሁ ተገልለዋል። ባለሙያዋ ከእድር ዳኛና ከሃይማኖት አባት ጋር ሆና በግልጽ ወደዚያ ቤት ብትገባና ቡና ብትጠጣ፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ጎረቤቱ ያምን ነበር። መገለልን የፈራ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ ለመላው መንደር ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ቋሚ መኖሪያ ለሌለው አርብቶ አደርስ?

መልስ፦ ቤት ለቤት መዞር እዚያ ብዙ አያስኬድም፤ የውኃ ቦታ፣ የገበያ ቀንና የጎሳ መሪዎች ናቸው መንገዱ። በአፋር ሰዎች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ዳጉ መልእክትን ከማንኛውም ሬዲዮ ባልተናነሰ ያዳርሳል፤ እጅ ለእጅ መጨባበጡን በጊዜያዊነት እንዲተዉ ማሳመን ግን የራሳቸውን ሽማግሌዎች ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ትኩረት ወደ ኮሮና ሲዞር እናቶችና ሕፃናት አልተጎዱም?

መልስ፦ የእኔም ትልቁ ሥጋት ይህ ነበር። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ በሽታ እንይዛለን ብለው ሲቀሩ አይቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጭምብልና ሳኒታይዘር እየተጠቀሙ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት መሰጠቱ ግን መደበኛው አገልግሎት በወረርሽኝ ውስጥም መቀጠል እንደሚችል አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ማን ይጠብቃቸዋል?

መልስ፦ እኔ በነበርኩበት ወረዳ ጭምብል ዘግይቶ ደረሰ፤ አንዷ ባለሙያ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ስትዞር አግኝቻታለሁ። ቤቷ ሕፃን ልጅ ነበራት። ሥራው በእጥፍ ሲጨምር ደመወዙ ባለበት ቆየ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ምን እናዘጋጅ ብሎ ለሚጠይቀኝ ባለሥልጣን ሁልጊዜ የምመልሰው፣ ጭምብሉ፣ ጓንቱና የትራንስፖርት አበሉ ከሥራ ትእዛዙ ቀድሞ ጤና ኬላው ይድረስ ብዬ ነው።