ባርኮዱ ውስጥ ምን ይግባ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ዘር ባንክ ውስጥ ነው። 6,000 ያህል ናሙና አለን። መረጃው እስከ ዛሬ የተያዘው በመዝገብና በኤክሴል ነው። አሁን የባርኮድ ማተሚያና ስካነር ተገዝቶ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። አለቃዬ የሰብሉ ስም፣ የተሰበሰበበት ቦታና ዓመቱ ሁሉ ባርኮዱ ውስጥ ይግባ ይላሉ። ልክ ነው? ለሙከራ የለጠፍናቸው መለያዎችም ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ረገፉብን።
ግራ የገባት የመጋዘን ሠራተኛ

መልስ፦ እህቴ፣ አለቃሽን በአክብሮት እምቢ በያቸው። ባርኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ይግባ፤ የማይደገም፣ በራሱ ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር። ሌላው ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጥ። መረጃ ይታረማላ! በአንድ ዝርያ ስም የተመዘገበ ዘር ማሳ ላይ ሲበቅል ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስሙ ባርኮዱ ውስጥ ከገባ፣ ከረጢቶቹን ስትፈልጊ በብርድ ልትንቀጠቀጪ ነው። ቁጥር ብቻ ከሆነ ዳታቤዙ ላይ አርመሽ ትገላገያለሽ።

ቁጥሩ ግን የምን ቁጥር ይሁን? እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። የናሙናውን (እኛ አክሴሽን የምንለውን) ቁጥር ከረጢቶቹ ሁሉ ላይ ለጠፍኩ። አንዱ አክሴሽን አራት ከረጢት ነበረው፤ ሁለቱ የቆየ ዘር፣ ሁለቱ በቅርቡ የታደሰ፣ ማለትም ተዘርቶ እንደ አዲስ የተሰበሰበ። ስካነሩ አራቱንም አንድ አደረጋቸው። የብቅለት ፍተሻው ውጤት የየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ባንክ፣ መመዘኛ መሠረት፣ የዘሩ የመብቀል አቅም ከመነሻው 85 በመቶ በታች ሲወርድ ዘሩ መታደስ አለበት። የትኛው ከረጢት እንደወረደ ካላወቅሽ የቱን ልታድሺ ነው? ስለዚህ እያንዳንዱ ከረጢት የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ያ ቁጥር ዳታቤዙ ላይ ከአክሴሽኑ ጋር ይያያዝ። ግሪን ግሎባል የተባለው ነፃ የጂን ባንክ ሶፍትዌርም አክሴሽኑንና በእጅ ያለውን ክምችት ለየብቻ ነው የሚይዘው።

ኤክሴሉን በጥርጣሬ እዪው። ከፊት ያለ ዜሮ ይበላል፤ 00412 የነበረው 412 ሆኖ ቁጭ ይላል። የቁጥሩን ዓምድ አስቀድመሽ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው። ከዚህ የሚብሰው ግን አንድ ሰው አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ በቅደም ተከተል ሲያስተካክል ነው። ያኔ መስመሩ ሁሉ ይዘበራረቃል፤ የደጋው ዘር ቆለኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከመዝገቡ ጋር አመሳክሪ። መዝገቡንም እንዳትጥዪው፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጫረው ነገር ኤክሴል ውስጥ የለም።

ከዚያ ሁለት ሆናችሁ መደርደሪያ በመደርደሪያ ዙሩ። አንዳችሁ ከረጢቱን አንብቡ፣ ሌላው ይመዝግብ። በጣም ያሰለቻል። መዝገብ የሌለው ከረጢትም፣ ከረጢቱ የጠፋ መዝገብም መውጣቱ አይቀርም። ሳትጨርሱ አንድም መለያ አታትሙ።

ስለረገፉት መለያዎች፦ የጠረጠርኩት ከረጢቱ ቀዝቃዛ ሳለ መለጠፋቸውን ነው። ተራ ማጣበቂያ በብርድ አይዝም፤ ከክፍሉ የወጣ ከረጢት ደግሞ ያልበዋል። ለብርድ የተሠራ ማጣበቂያ ያለው የፕላስቲክ መለያ ፈልጊ። በደረቅና ባልቀዘቀዘ ከረጢት ላይ ለጥፈሽ አንድ ቀን አሳድሪውና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወዳለው ክፍል አስገቢው። ማተሚያው ቀለም ባለው ሪባን የሚያትም ይሁን፤ ያለ ሪባን በሙቀት ብቻ የሚያትመው እንደ ደረሰኝ ይደበዝዛል። ከባርኮዱ ሥር ቁጥሩ በዓይን የሚነበብ ሆኖ ይታተም። ያንኑ ቁጥር የያዘ ቁራጭ ወረቀትም ከረጢቱ ውስጥ ጨምሪ።

አለቃሽ አሁንም ካልተዋጠላቸው፣ ስማቸው ተሰርዞ በሌላ የተተካ አሥር ናሙናዎች ከመዝገቡ ፈልጊና አሳዪአቸው።