ኮሌስትሮልና ሊምፎማ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ አባቴ «ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል» የተባለ ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) በቅርቡ ተገኝቶባቸዋል። «ጥሩው» ኮሌስትሮላቸው 24 ነው። ይህ ስለ ሕመማቸው የሚናገረው ነገር አለ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ኤችዲኤል የሚባለው ይህ ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያንስ ዝቅተኛ ነው ይባላል። የቀድሞ ታካሚዎችን መዝገብ የመረመሩ በርካታ ጥናቶች፣ አብዛኞቹም በቻይና የተሠሩ፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለ የዚህ ሊምፎማ ሕሙማን በአማካይ ደከም ያለ ውጤት እንደነበራቸው አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የብዙዎች አማካይ የአባትዎን ዕጣ አይወስንም፤ ቤተሰብ አንድ ቁጥር ይዞ ተስፋ እንዲቆርጥ ስለማልፈልግ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ካንሰር ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎች የራሳቸውን ሽፋን ለመሥራት ኮሌስትሮል ስለሚፈልጉ ከደም ውስጥ ይስባሉ። ከዚህም በላይ ሕመሙ የሚቀሰቅሰው ብግነት ጉበት ስብን የሚያዘጋጅበትን መንገድ ያዛባል፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋትም ይጨመርበታል። ስለዚህ ዝቅተኛ ኤችዲኤል በአመዛኙ የሕመሙ ክብደት ምልክት እንጂ መንስኤው አይደለም፤ ሕክምናው ሲሠራም በብዙዎች ዘንድ መልሶ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ «ኤልዲኤች ከፍ ብሏል» አሉኝ። ቅባት ልተው?

መልስ፦ ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ያስጨንቃል። «መጥፎው» ኮሌስትሮል ኤልዲኤል ነው፤ ኤልዲኤች ግን ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም ስለሆነ ከቅባት ጋር ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዓለም አቀፍ የሊምፎማ ትንበያ መለኪያ ከሚታዩት አምስት ነጥቦች አንዱ ነው፤ የቀሩት ዕድሜ ከ60 መብለጡ፣ የሕመሙ ደረጃ 3 ወይም 4 መሆኑ፣ የዕለት ተዕለት አቅም መዳከሙና ሕመሙ ከሊምፍ እጢ ውጭ ከአንድ በላይ ቦታ መድረሱ ናቸው። ኮሌስትሮል በዚህ መለኪያ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ኤችዲኤሌን ከፍ ለማድረግ ምን ልብላ? ጾም ላይ ነኝ።

መልስ፦ ኤችዲኤልን በምግብ ወይም በክኒን ማሳደግ የሊምፎማን ውጤት እንደሚያሻሽል የተረጋገጠ ነገር የለም። እኔ የሚያሳስበኝ ክብደትዎ ነው። ምስር፣ ባቄላና ሽሮ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚያስመልስዎና ክብደትዎ የሚቀንስ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ስለ ጾሙም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ለልቤ አቶርቫስታቲን የተባለ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት እወስዳለሁ። ሪቱክሲማብ የተባለውን የሊምፎማ መድኃኒት ስጀምር ላቁመው?

መልስ፦ በራስዎ አያቁሙት። በላቦራቶሪ እንደ አቶርቫስታቲን ያሉ የስታቲን መድኃኒቶች ሪቱክሲማብ ከካንሰሩ ሴል ጋር የሚጣበቅበትን ቦታ እንደሚያዳክሙ ታይቶ ነበር፤ በሕሙማን ላይ የተደረጉ ክትትሎች ግን በአመዛኙ ይህን ጉዳት አላሳዩም።

ጥያቄ፦ ሕክምናዬን ከጨረስኩ ወዲህ ኮሌስትሮሌ ጨምሯል። ሕመሙ ተመለሰ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አር-ቾፕ በሚባለው የሊምፎማ ጥምር መድኃኒት ሕክምና ውስጥ ያለው ፕሬድኒሶሎን የደም ስብንም ስኳርንም ሊጨምር ይችላል፤ የምግብ ፍላጎት መመለሱም የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም በዚያው ሕክምና ውስጥ ያለው ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊያደክም ስለሚችል፣ ኮሌስትሮልዎንና የደም ግፊትዎን ከእንግዲህ በቋሚነት ያስለኩ።