መልስ፦ ኮንትራክተሩ ግማሹን ቅድሚያ ክፈል ካለኝ ልክፈለው?

አይ፣ ባንዴ አትስጠው። መታጠቢያ ቤት ለማደስ ገና መዶሻ ሳያነሳ ግማሽ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ በአንተ ብር የሌላ ደንበኛ ጎዶሎ ሊሞላ ነው። ለዕቃ መግዣ ነው ካለህ ቀላል ነው፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ፣ ደረሰኙም በስምህ ይሁን።

የእጅ ዋጋውን እንዲህ ከፋፍለው፦

1. ማፍረሱ ሲያልቅ
2. የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲገባ
3. ሴራሚኩ ተነጥፎ ሲያልቅ
4. ቀሪው ጉድለቱ ሁሉ ሲስተካከል፤ ይህኛው ዳጎስ ይበል፣ አለዚያ ስልክህን አያነሳም

ሁሉም በጽሑፍ ውል ላይ ይስፈር፤ ፍርስራሹን ማን እንደሚያወጣ ሳይቀር። (የሚያጣላው እሱ ነው!) በዚህ ካኮረፈ ይሂድ፣ ሌላ ፈልግ።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። የውሃ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ የሻወሩን ፍሳሽ አስደፍነህ ወለሉ ላይ ውሃ አቁር። ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና 24 ሰዓት ይቆይ። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ ወይም ከታች ያለው ጣሪያ ከረጠበ ሥራው ይደገም። «ግዴለም፣ እኔ አለሁ» ቢልህም እሺ አትበል። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ ማለት እንደገና ማፍረስ ነው።