ሪጋን ለሚጎበኙ፦ ስለ ደኅንነትና ስለ ማጭበርበር ጥያቄና መልስ

ወደ ላትቪያ ዋና ከተማ ወደ ሪጋ ለመጓዝ የተሰናዱ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች በማውቀው መጠን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከተማዋ ለእንግዳ አደገኛ ናት?

መልስ፦ አይደለችም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድብደባና ዘረፋ ሳይሆን፣ እንግዳው ዋጋ ሳይጠይቅ ገብቶ በገዛ እጁ የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ በአሮጌው ከተማ ስላሉ መጠጥ ቤቶች የሚነገረው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ይህን ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ። ማታ በቬትስሪጋ (አሮጌው ከተማ የሚጠራበት ስም ነው) ጠባብ መንገዶች ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር የሚዘዋወርን ወንድ፣ ሁለት ያማረባቸው ሴቶች ከየት እንደመጣ እየጠየቁ ይቀርቡትና፣ ጥቂት ካጫወቱት በኋላ የሚያውቁት ጥሩ ቤት እንዳለ ነግረው ይዘውት ይሄዳሉ። እዚያም ዋጋው ያልተነገረ መጠጥ ይታዘዛል፤ ሂሳቡ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ሆኖ ይመጣል፤ አልከፍልም ያለውንም ፈርጣማ ዘበኞች እስከ ኤቲኤም ድረስ ያጅቡታል። ዋጋው በሜኑ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ጉዳዩ ከስርቆት ይልቅ የሂሳብ ክርክር ስለሚመስል፣ ገንዘቡን ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሚገቡበትን ቤት እርስዎ ይምረጡ፤ የማያውቁት ሰው መርጦ አይውሰድዎት፤ ዋጋውን በዓይንዎ ሳያዩም አይዘዙ። ከገቡበት በኋላ ከዘበኞቹ ጋር ከመጣላት ይልቅ በ110 ፖሊስ ይጥሩ፤ ከከፈሉም ደረሰኝ ይቀበሉ። የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ማለቱ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አቤቱታ ያልቀረበበት ቤት ነገም ሌላ እንግዳ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ በምን ልሂድ?

መልስ፦ ማረፊያው ከመሃል ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ 22 ቁጥር አውቶቡስ ይበቃዎታል፤ ሲሳፈሩ ግን ትኬትዎን በመሣሪያው ላይ ማስነበብ አይርሱ። ታክሲ ከፈለጉ ዋጋውን አስቀድሞ በሚያሳይ እንደ ቦልት ባለ መተግበሪያ ይጥሩ። በር ላይ ቆሞ ከሚጣራ ሹፌር ጋር ዋጋ ሳይነጋገሩ አይሳፈሩ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የት ልመንዝር?

መልስ፦ ላትቪያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩሮ ትገበያያለች፤ ዩሮ ከያዙ መመንዘር አያስፈልግዎትም። ኤቲኤሙ ሂሳቡን በአገርዎ ገንዘብ ላስላልዎ ካለዎት እምቢ ብለው ዩሮን ይምረጡ፤ ማሽኑ የሚያቀርበው ምንዛሪ አብዛኛውን ጊዜ ከባንክዎ ይከፋል።

ጥያቄ፦ ማዕከላዊው ገበያስ?

መልስ፦ የአየር መርከብ ማቆያ ከነበሩ አዳራሾች ተሠርቶ በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ይህን ገበያ ሳያዩ አይመለሱ። ግፊያ ባለበት ሁሉ ኪስ አውላቂ ስለማይጠፋ፣ ቦርሳዎን ወደ ፊት ይያዙ።

ጥያቄ፦ የምሄደው በክረምታቸው ነው፤ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ብዙ እንግዶችም አያስቡትም። ቅዝቃዜው ላላ ሲል ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ጣሪያ የተንጠለጠለ በረዶ ተገምሶ ይወድቃል። የእግረኛው መንገድ በገመድ ታጥሮ ካዩ ገመዱን ተሻግረው በግድግዳው ሥር አይለፉ። ጉዳት ከደረሰ ወደ 113 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ፤ 112ም ለማንኛውም አደጋ ይሠራል።