ሣር በጣራ፣ ሐረግ በግድግዳ፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱኝ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የደረሱኝ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉም መኖሪያ ቤትን በዕፅዋት ስለ ማልበስ የተነሡ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የላይኛው ሶሌታ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ክዳን) ተሞልቷል። ቆርቆሮ ከማልበስ ይልቅ አፈር አድርጌበት ሣር ላበቅል አስቤአለሁ። ከምን ልጀምር?

ከክብደቱ ይጀምሩ። በክረምት ዝናብ የራሰ ተራ አፈር በሜትር ኩብ ወደ 1,800 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 180 ኪሎ ግራም ያሳርፋል። ጣራዎ 100 ካሬ ሜትር ከሆነ ክረምቱን በሙሉ 180 ኩንታል እህል ከራስዎ በላይ እንደ ተከመረ ይቁጠሩት። ለመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሰው የማይወጣበት ጣራ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ጭነት ሊሰላ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲስዎ ስሌቱን እንደ ገና አይቶ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥልዎ ድረስ አንድ ባሬላ አፈር እንኳ እንዳያወጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሃው ነው። ሶሌታው በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል ይኖርበታል። በላዩ ውሃ የማያሳልፍ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ከዚያም የተክሉን ሥር የሚያግድ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ውሃ የሚያንሸራሽር ጠጠር፣ አፈሩ እንዳይታጠብ የሚይዝ ጨርቅ፣ በመጨረሻም አፈሩ ይከተላል። ምንጣፉ እንደ ተነጠፈ መውረጃውን ደፍነው ለ48 ሰዓት ውሃ ያቁሩበትና ከታች የሚረጥብ ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። አፈሩ ከገባ በኋላ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ይህን ፍተሻ በችኮላ የዘለሉ አንድ ባለቤት በሁለተኛው ክረምት አፈሩን በሙሉ በአካፋ አስወርደው ሲያስጠግኑ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁ።

የእርሻውን መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩን የሸክላ አፈር፣ ደግሞ አይጠቀሙ። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃም አንቆ ይይዛል። ለብሎኬት ማምረቻ የሚውለው ፑሚስ የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ፣ እርሱን አብዝቶ ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት መቀላቀል ለሥሩም ለሶሌታውም ይበጃል።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚችል ምን ተክል አለ?

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣርማበር ዐለታማ ተዳፋት ላይ በስስ አፈር የሚበቅለው ጦስኝ የጣራን ኑሮ አስቀድሞ የለመደ ተክል ነው። ብርዱን፣ ነፋሱንና የበጋውን ድርቀት ይችላል፤ ሥሩም ወደ ጥልቅ አፈር መውረድ አይሻም። ጓሳም የመንዝ ደጋ ሣር በመሆኑ ብርዱን ይቋቋማል፣ ነገር ግን ጠለቅ ያለ አፈር ይፈልጋል። እሬትም ሊታሰብ ይገባል፤ በአካባቢው ሜዳ ከሚገኙት ዝርያዎች አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ አሎዌ ደብራና መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። ችግኙ ከጥቅምት በኋላ የሚመጣው ውርጭ ሳይደርስበት ሥር እንዲይዝ በሰኔ ይትከሉ። የመንዝ ሰው በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ካቆየው የጓሳ ምድር ግን አንድም ተክል አይንቀሉ፤ በግቢዎ ካለ ተክል ከፍለው ያራቡ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ያለው የወላጆቻችን የድንጋይ ቤት ክዳኑ ጓሳ ነበር፤ አሁን ቆርቆሮ ነው፣ ይበርዳልም። በቆርቆሮው ላይ ሣር ብናበቅል የድሮው ሙቀት ይመለሳል?

አይመለስም። ጓሳው ቤቱን ያሞቅ የነበረው በደረቁ ሣር መካከል የታመቀው አየር ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚያግድ ነው፤ የራሰ አፈር ግን ሙቀትን በቀላሉ ያሳልፋል። ቆርቆሮውም በእርጥበቱ ይዝጋል፣ ወራጁም ክብደቱን አይችልም። በኖርዌይ አፈርና ሣር የሚለብሱ ጥንታዊ ቤቶች አሉ፤ እዚያም ቢሆን ዝናቡን የሚከላከለው ከሥር የተደራረበው የበርች ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ አፈሩ ቅርፊቱን ተጭኖ ይይዛል። እናንተ ኮርኒስ አሠርታችሁ በላዩ እሳት የማይቀጣጠልበት የሙቀት መከላከያ ብታደርጉ ይሻላችኋል። የጓሳ ክዳን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁና አቅሙ ካላችሁ ግን፣ እኔ ክዳኑን መመለስን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። ወደ ምዕራብ የዞረው የብሎኬት ግድግዳ ማታ እንደ ምጣድ ይግላል። በፎቶ የማያቸው ሕያው ግድግዳዎች ለእኔ ይሆናሉ?

በፎቶ የሚያዩዋቸው አብዛኞቹ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፓትሪክ ብላንክ ያስፋፋውን መንገድ የሚከተሉ ናቸው። ተክሉ መሬት ሳይነካ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጨርቅ ውስጥ ሥር ይይዛል፤ ውሃና ማዳበሪያም በፓምፕ በየቀኑ ይደርሰዋል። በቆላ ሙቀት መብራት ወይም ውሃ ጥቂት ቀን ቢቋረጥ ይደርቃልና አልመክርዎትም። ከዚያ ይልቅ መሬት ላይ የተተከለ ሐረግ፣ ለምሳሌ ፓሽን ፍሩት፣ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በቆመ የእንጨት ወይም የሽቦ መወጣጫ ላይ ያሳድጉ። ቅጠሉ ፀሐይዋን ከግድግዳው በፊት ይቀበላል፣ ውሃ ሲያተን ይቀዘቅዛል፣ በመካከሉ የሚያልፈውም አየር ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ግድግዳዎ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ክፍተቱ ይበልጥ ያስፈልግ ነበር፤ ሥር ወደ ጭቃው ከገባ ድንጋዩን ያላቅቃልና።

ጥያቄ፦ ከሣር ጣራ የሚወርደውን ውሃ አጠራቅመን መጠጣት እንችላለን?

አይሆንም። ከአፈሩና ከኮምፖስቱ የታጠበ ቡናማ ቀለምና ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚወርድ ለጓሮ አትክልት ብቻ ይዋል። ለቤት የሚሆነውን የዝናብ ውሃ ንጹሕ ቆርቆሮ ካለበት ክፍል፣ ለምሳሌ ከማድቤቱ ጣራ፣ በተለየ አሸንዳ ወደ ሌላ በርሜል ያውርዱት፤ ለመጠጥ ከሆነ ደግሞ አፍልተው ይጠቀሙበት።