ግራፉ ለምን ጎበጠ? ለምንስ ከዜሮ አልተነሳም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ጋሪውን በክር አስረህ፣ ክሩን በፑሊ (በትንሽ መዘውር) ላይ አሳልፈህ፣ ጫፉ ላይ ክብደት እየጨመርክ አክስለሬሽኑን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበትን ልክ) ለክተሃል፤ ከዚያ አክስለሬሽኑን ከሚጎትተው ክብደት ጋር ሳልከው። ግራፉ ግን ከዜሮ አልተነሳም፤ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ጎበጠ። «የኒውተን ሁለተኛ ህግ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን እምቢ አለ?» ነው ያልከው። ህጉ ደህና ነው፤ ፎርስ (የሚጎትተው ኃይል) ማለት ማስ (የቁሱ መጠን) በአክስለሬሽን ሲባዛ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ ሳሠራ ይህንኑ ግራፍ ስንቴ እንዳየሁት! ሁለቱ ችግሮች ግን ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

ከጉብጠቱ ልጀምር። የተንጠለጠለው ክብደት የሚያንቀሳቅሰው ጋሪውን ብቻ አይደለም፤ ራሱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የሚፋጠነው ማስ የሁለቱ ድምር ነው። ከጎን እያነሳህ አንድ ክብደት ባንጠለጠልክ ቁጥር ፎርሱንም ማሱንም እየጨመርክ ነው። አንዱን እለውጣለሁ ብለህ ሁለቱን ለወጥክ።

መፍትሄው ክብደቶቹን በሙሉ አስቀድሞ ጋሪው ላይ መጫን ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ከጋሪው አንስተህ ክሩ ጫፍ ላይ ታንጠለጥላለህ። ጋሪው 400 ግራም፣ ክብደቶቹ እያንዳንዳቸው 20 ግራም የሆኑ አምስት ናቸው እንበል። ድምሩ ሁሌም 500 ግራም ነው። ሰበቃውን (ጋሪውን የሚይዘውን መፋተግ) ከተውነው አንዱን ስታንጠለጥል አክስለሬሽኑ 0.39 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ አምስቱንም ስታንጠለጥል 1.96 ይሆናል። ልክ አምስት እጥፍ። በአንተ መንገድ ግን፣ ጋሪው ባዶ ሆኖ፣ የመጀመሪያው 0.47 አካባቢ ይወጣና የመጨረሻው ያው 1.96 ነው። አምስት እጥፍ ቢሆን 2.3 በደረሰ ነበር። ጉብጠቱ ይሄ ነው።

ከዜሮ ያልተነሳው በሰበቃ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ክብደት ሰበቃውን ብቻ ሲያሸንፍ ያልቃል። ቁልቁለቱ ሰበቃውን እንዲያካክስልህ፣ ጋሪው የሚሄድበትን ሃዲድ ከፑሊው በራቀው ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገው። ክሩን ፈትተህ ጋሪውን በጣትህ ነካ አድርገው፤ ሳይፈጥን ሳይዘገይ እኩል ከሄደ በቂ ነው። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ጋሪው ሳልነካው በራሱ እስኪነሳ ድረስ ሃዲዱን ከፍ አደረግኩት። የቆመን ነገር ለማስነሳት የሚፈለገው ጉልበት ግን እየሄደ ያለውን ለማስኬድ ከሚፈለገው ይበልጣል። ስለዚህ አበዛሁት፤ መስመሩም ከዜሮ በላይ ጀመረ። ግማሽ ቀን ፑሊውን ስነካካ ዋልኩ፣ ፑሊው ምንም አላጠፋም።

የክሩን ርዝመትም እይ። ክብደቱ ወለል ከነካ በኋላ የሚጎትት ነገር የለም፤ ጋሪው ባገኘው ፍጥነት ብቻ ነው የሚሄደው። ክብደቱ 80 ሴንቲሜትር ወርዶ መሬት ሲነካ እኔ አንድ ሜትር ሙሉ ስለካ የነበረበት ቀን አለ። ክሩ ከሃዲዱ ጋር ትይዩ መሆኑንም አትርሳ።

በእጅ ሰዓት መለካቱን ተወው። አንድ ሜትሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያልቃል፤ አክስለሬሽኑን ከርቀቱና ከጊዜው በምናሰላበት ቀመር ውስጥ ጊዜው በስኩዌር ስለሚገባ በሰዓቱ ላይ 10 በመቶ ብትሳሳት አክስለሬሽኑ ላይ 20 በመቶ ገደማ ይሆንብሃል። ስልክህን ከጎን አቁመህ ቅረጸው፣ ማስመሪያም ከሃዲዱ ጋር አኑር። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም የሰከንድ 1/60 ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆርጅ አትውድ እ.ኤ.አ. በ1784 ይህን ህግ ስለሚያሳይበት ማሽኑ ሲጽፍ ይህ ሁሉ አልነበረውም። እሱ በፑሊ ሁለት ጎን እኩል ለመሆን ጥቂት የቀራቸውን ክብደቶች ሰቅሎ ነው እንቅስቃሴውን ያዘገየው። ብልህ ሰው!

ሁለተኛው ሙከራ፣ ፎርሱን ይዘህ ማሱን የምትለውጥበት፣ አጭር ነው። የተንጠለጠለውን አትንካ፣ ጋሪው ላይ ብቻ ጨምር። አክስለሬሽኑን ግን ከማሱ ጋር ሳይሆን አንድን ለጠቅላላው ማስ አካፍለህ ካገኘኸው ጋር ሳለው፤ ያኔ ቀጥ ያለ መስመር ታያለህ። ሃዲዱን እንደገና ማስተካከል አያስፈልግህም፤ ማሱ ሲጨምር ሰበቃውም የቁልቁለቱም ስበት አብረው ይጨምራሉ።

የመጀመሪያውን ግራፍ እንደገና ስትሠራ ፎርሱን በኒውተን ጻፍ። ድምሩ 500 ግራም ከሆነ ስሎፑ (የመስመሩ ዘንበልታ፣ አክስለሬሽኑ ለፎርሱ ሲካፈል) 2 አካባቢ መውጣት አለበት፤ አንድ ለ0.5 ኪሎግራም ሲካፈል ማለት ነው። ካልወጣ መጀመሪያ ክሩን እየው።